የማዕዶት ሰኞ ወጥ

ሀዋሳ ያረጀች ከተማ አይደለችም፤ ከአንዳንድ ሽማግሌዎቿ እንኳ በዕድሜ ታንሳለች። ፒያሳዋ ግን የበኩር ልጅ ስለሆነ እንደ አዛውንት መከበር ይወዳል። በረንዳ ያላቸው አሮጌ ሱቆች፣ ሲከፈቱ ሰፈሩን የሚቀሰቅሱ የብረት መዝጊያዎች፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ ጨርቅ ቤቶችና ጫማ ቤቶች አሉት። በጎናቸው ባለ መስታወት ፎቅ ቢቆምም እነሱ ገና ከቦታቸው አልተነሡም። በእነዚህ ሱቆች መካከል ሰባት ጠረጴዛ ብቻ ያለው፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ዓሣ ቤት አለ። ሰው ሁሉ "እህተማርያም ቤት" ይለዋል።

ይህ ቤት አንድ ሕግ አለው፤ ሥጋ አይገባበትም። ሕጉን ያወጣው የእህተማርያም ሟች ባል መክብብ ነበር። "ክርስቲያኑ የሙስሊም ሥጋ አይበላ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ አይበላ፤ ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደውም" ይል ነበር ቤቱን ሲከፍቱ። እውነቱን ነው። ፒያሳ ላይ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተው የነገዱ ክርስቲያንና ሙስሊም ከአንድ ትሪ የሚቆርሱት እዚህ ቤት ብቻ ነው። ሕጉ ለሠራተኛም ይሠራል። አንድ ጊዜ ሳያት የምትባለው አስተናጋጅ ቋንጣ ፍርፍር በምሳ ዕቃ ይዛ ብትመጣ፣ ውጭ ተቀምጣ በልታ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አፏን ተጉመጥምጣ ነው እንድትገባ የተፈቀደላት። እህተማርያም ራሷ ናት ቆማ ያስጉመጠመጠቻት።

ከደንበኞቿ ሁሉ የሚቀድሙት ጋሽ አብዱልሃሚድ ናቸው። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ምሳቸው እዚህ ነው። የቀትሩን ሶላት ሰግደው፣ ከሱቃቸው ጎን ጫማ የሚሸጠውን ዩኑስን ይዘው፣ በር አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። የሚበሉት ዓሣ ወጥ ነው፤ ጥርሳቸው ከጥብስ ዓሣ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። እንግዳ ሲያመጡ "ብላ፣ እዚህ ቤት እኔ ጠይቄ አላውቅም" ይላሉ። እህተማርያም ይህን ስትሰማ ከማድ ቤት ሆና ፈገግ ትል ነበር። ይህ እንግዲህ ከዘንድሮ ፋሲካ በፊት ነው።

የዘንድሮ ፋሲካ እህተማርያምን ጣላት። ቅዳሜ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆማ አደረች፤ እሑድ አዲስ ከተማ ያለው ቤቷ ውስጥ ዘመድ ስታስተናግድ ዋለች። ሰኞ የፋሲካ ማግሥት፣ ማዕዶት ቢሆንም ዓሣ ቤቷን መክፈት ነበረባት። ክርስቲያኑ ከሁለት ወር ጾም ወጥቶ ፊቱን ወደ ሥጋ ቤት ስለሚያዞር፣ በዓለ ሃምሳውን ሙሉ ቤቷን የሚያቆሙት ሙስሊም ነጋዴዎቹ ናቸው። ሊነጋጋ ሲል እነሣለሁ ብላ ተኛች። ዐይኗን ስትገልጥ አራት ሰዓት አልፏል።

ወጥ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ገብቶታል። የእህተማርያም ቁሌት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ሽንኩርቱ ያለ ውሃ፣ በከሰል ፍም፣ እየተማሰለ እስኪሟሟ ይበስላል፤ በርበሬው ገብቶ ሌላ ሰዓት ይንተከተካል። ዓሣው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። እሷ ግን እስከ ምሳ የቀራት ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ከዚያም ላይ መንገድ አለ። ይህን እያሰላሰለች ሳለ ሳያት ደወለች።

"እትዬ፣ ዓሣው ከመጣ ቆየ፤ አጽድቼ ጨርሻለሁ። ቁሌቱን ልጣድ እንዴ?"

"ተዪው፣ ቤት እየሠራሁት ነው" አለቻት። ይህን ስትል ገና ከአልጋዋ አልወረደችም ነበር።

ማድ ቤት ስትገባ ምድጃው ላይ የእሑዱ ቀይ ወጥ ተቀምጧል። ከጎረቤት ጋር በቅርጫ ከታረደው በሬ የደረሳትን ሥጋ ነበር የሠራችው። እንግዳው ጠግቦ ስለሄደ ከድስቱ ግማሹ አልተነካም። ክዳኑን ከፍታ አየችው። ከዚያ ክዳኑን መለሰችና ፊቷን ታጠበች። ተመልሳ መጥታ እንደገና ከፈተችው። ሥጋውን በጭልፋ አንድ በአንድ ለቀመችና ሳህን ላይ አደረገችው፤ የቀረውን በወንፊት አጠለለችው። "ቁሌት ነው። ቁሌት ቁሌት ነው፤ ሥጋው ወጥቷል" አለች ለራሷ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብላ። ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በባጃጅ ፒያሳ ገባች፤ ሳያት ያጸዳችውን ዓሣ ጨመረችበት።

"ዛሬ ወጥ የለም" ማለት ትችል ነበር። ማንም አይቀየማትም፤ በዓል ነው። ነገር ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ወጥ የለም ብላ አታውቅም። ደግሞ ጋሽ አብዱልሃሚድ ምን ሊበሉ ነው? ለሽማግሌው ማሰቧ እውነት ነበር፤ ኩራቷም እውነት ነበር። የትኛው እንዳመዘነ ዛሬም ድረስ ቁርጡን አታውቀውም።

ስድስት ተኩል ካለፈ በኋላ ሁለቱ ሰዎች መጥተው ተቀመጡ። ሳያት ወጡን አቀረበች። እህተማርያም በማድ ቤቱ መጋረጃ ክፍተት ታያቸዋለች። ጋሽ አብዱልሃሚድ ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሲሄድ እግሯ ሊያስሮጣት ቃጣው፤ ግን ምን ብላ ትሮጣለች? ጎረሱ። አላመጡ። ማላመጣቸውን አቆሙ።

"እህተማርያም!"

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

"ዛሬ እጅሽ ላይ ምን ወረደበት? ይኼ'ኮ ሌላ ነው!" ብለው ለዩኑስ ሰፋ አድርገው አጎረሱት። ዩኑስም ዐይኑን ጨፍኖ "ወላሂ ትክክል ነዎት" አለ። ትንሽ ቆይቶ ትሪውን ወደ እሷ ገፋ አደረገና "እትዬ፣ ጨምሪልን" አላት።

ጨመረችላቸው። የመጀመሪያውን እንቅልፍ ጥሎኝ፣ ሰዓት ረፍዶብኝ ልትል ትችላለች። ሁለተኛውን ግን ቀኝ እጇ ጭልፋ ይዞ፣ ልቧ እያወቀ ነው ያወጣችው። ዩኑስ አንድ ጊዜ ደግሞ አስጨመረ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው ዓሣ ቤት አልነበረውም። የእህተማርያም ውሸት እያደር ከበደ፤ ምክንያቱም በማግሥቱ ጋሽ አብዱልሃሚድ ገና ሳይቀመጡ "እስቲ የትናንቱን" አሉ። ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ሽንኩርቱን በደንብ አብስላ፣ ንጹሑን ወጥ ነበር ያቀረበችላቸው። ቀምሰው "ጥሩ ነው" አሉ፤ ጨዋ ናቸው። ቀጥለው ግን "የሰኞው ግን…" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ወዲህ "የሰኞው" የሚባል ወጥ ተወለደ። ረቡዕ ኮረሪማ አበዛችበት፤ የሰኞውን አልሆነም። ዓርብ ለጋ ንጥር ቅቤ ከመከለሻ ጋር ጨመረችበት፤ ተጠጋ እንጂ አልደረሰም። ቅዳሜ ቲማቲም ጨምራ ጭራሽ አበላሸችው። ሞኝነቷ ይገርማል፤ ቅመሙን ብታገኘው ኖሮ ያ ሰኞ ያልተፈጠረ ይመስላት ነበር። የምታውቀውን ነገር በኮረሪማ ልትቀብር ስትለፋ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሳያት "እትዬ፣ ያን ቀን ቤት ምን አድርገሽበት ነው? እስቲ አስታውሺው" ስትላት፣ "እኔም ጠፋብኝ" ብላ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች።

ሽማግሌው ደግሞ ዝም አይሉም። ጨርቅ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ያወሩታል። አንድ ሐሙስ ወንድማቸውን ከወራቤ አስመጥተው ከነቤተሰቡ ይዘውት ገቡ። "የሰኞውን አድርጊልን፣ ለእንግዶቼ ብለሽ" አሏት። ስድስት ሰው ተቀምጦ፣ ሽማግሌው "ጠይቄ አላውቅም" ሲሉ ሰማች። ያን ዕለት የቀረበው ወጥ እንከን አልነበረበትም፤ ድስቱም ቢላዋውም ንጹሕ ነው። እሷ ግን ከጓሮ ቧንቧ ሥር ቆማ እጇን ስትታጠብ፣ ስትታጠብ፣ ሳያት "እትዬ፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው" እስክትላት ድረስ ቆየች። ዐፈረች። ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቷት እንዲህ ዐፍራ አታውቅም።

እሑድ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ቄሱ መቁጠሪያቸውን እያሻሹ ሰሟትና "ለእኔ መንገርሽ በጎ ነው ልጄ" አሉ። "ግን ወጡን የበላሁት እኔ አይደለሁም። የበደልሽው ሰው በሕይወት አለ፤ በየቀኑም ደጅሽ ይመጣል። እግዜር ከዚህ በላይ ምን ያመቻችልሽ?"

"ቢያውቁ ቤቴ ይዘጋል፣ አባ።"

"እንግዲህ የሚዘጋው ቤትሽ ይሁን ወይስ ልብሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው መስቀል አሳለሟት።

እነግራቸዋለሁ ብላ ተመለሰች። ሰኞ ደንበኛ በዛ፣ አልተመቸም። ማክሰኞ ጋሽ አብዱልሃሚድን ጉንፋን ይዟቸው ነበር፣ የታመመ ሰው እንዴት ይነገረዋል? ረቡዕ አብሯቸው ሌላ ሰው ነበረ። ሰበብ እንደሆነ መቼም አይጠፋም። ሐሙስ ግን ሽማግሌው ራሳቸው ዜና ይዘው መጡ። የሀጅ ጉዟቸው ተሳክቷል፤ ልጃቸው ሙንተሃ ወረቀቱን ጨርሳላቸዋለች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መካ ይሄዳሉ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ እልል ካሉትም አንዷ እህተማርያም ነበረች። በልቧም "ሊሰናበቱኝ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ" አለች። ይህ አሳብ በመጣ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አለ። ለምን እንደቀለላት ግን ራሷን አልጠየቀችም።

ሀጅ የሚሄድ ሰው ከጎረቤት ከዘመዱ ጋር አፉ ሳይባባል አይሄድም። ሰው ነኝና በድዬህ እንደሆነ ይቅር በለኝ እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ጋሽ አብዱልሃሚድም ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው የፒያሳን ሱቆች አንድ በአንድ ዞሩ። ሙንተሃ ከኋላቸው ትከተላለች። ዓሣ ቤቱ ሲደርሱ ልጅቷ ውጭ ከሳያት ጋር ቆመች፤ እሳቸው ብቻቸውን ገቡ። ወንበር ስትስብላቸው አልተቀመጡም።

"እህተማርያም" አሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "ሃያ ሁለት ዓመት ከእጅሽ በልቻለሁ። አንድ ቀን ወጡ ቀጠነ ብዬ ይሆናል፣ አንድ ቀን ሳላመሰግን ወጥቼ ይሆናል። መክብብ ሲሞትም ሱቅ ይዞኝ በሦስተኛው ቀን ነው የመጣሁት፤ እሱን አልረሳሁትም። በአፌም በእጄም አስቀይሜሽ ከሆነ፣ አፉ በይኝ።"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከእሷ ይቅርታ እየጠየቁ ነው፤ ስለ ቀጠነ ወጥ!

"አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ" አለች።

"አላህ ያክብርልኝ" ብለው ዞሩ።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"ገና ብዙ ደጅ አለብኝ…"

"ይቀመጡልኝ፣ በመክብብ አፈር።"

ፊቷን አይተው ተቀመጡ። እሷ ቆማ ነገረቻቸው። እንቅልፉን፣ የቅርጫውን ሥጋ፣ ወንፊቱን፣ በባጃጅ ይዛ የመጣችውን ድስት ነገረቻቸው። አላሳመረችውም። ስትጨርስ ጋሽ አብዱልሃሚድ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄዶ ከንፈራቸው ላይ ቀረ።

"ያ ወጥ?" አሉ። "የሰኞው?"

"እሱ ነው።"

"ለሰው ሁሉ'ኮ አወራሁት።" እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ያዩታል። "ወንድሜን ከወራቤ ድረስ አመጣሁት። የሰኞውን አድርጊልን እያልኩሽ… አንቺ እዚያ ቆመሽ ትሰሚኝ ነበር?"

"እሰማ ነበር።"

"የጎረስኩትን ሳላውቅ ጎረስኩ፤ እሱን አላህ ያውቃል፣ ለእሱ አልፈራም። ወር ሙሉ ያሞኘሽኝ ግን አንቺ ነሽ።"

ማልቀስ ጀመረች። አላባበሏትም። ውጭ ሙንተሃ በሳያት ቀልድ ስትስቅ ይሰማል። ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

"ነገ የምሄደው ሸክሜን ላራግፍ ነው። ቂም ይዤ አልሄድም" አሉ። "አፉ ብዬሻለሁ።"

እህተማርያም እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እጃቸውን ግን ቀስ ብለው ሰበሰቡት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"እህተማርያም፣ እምቢ ልልሽ የማልችልበትን ቀን ነው የመረጥሽው።"

ቁጣ አልነበረበትም። አንድን ጨርቅ ዳብሰው ጥጥ ነው ወይ አይደለም እንደሚሉት ነበር ያሉት። እውነት ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ደረቷን ያቀለለላት አሳብ ይኸው ነው፤ ቂም ይዞ ሀጅ የሚሄድ ሰው እንደሌለ ታውቃለች። ሽማግሌውን በገዛ ሃይማኖታቸው አስራ ይቅርታ ተቀበለቻቸው።

"ዩኑስ የትም አይሄድም" አሉ ጋሽ አብዱልሃሚድ። "እሱ እምቢ ማለት ይችላል። ለእሱ አንቺው ንገሪው፤ እኔ አልነግርልሽም።" ልጃቸውን ጠርተው ወደሚቀጥለው ደጅ ሄዱ።

ሽርጧን ሳትፈታ መንገዱን ተሻገረች። አንድ ሰዓት ብትቆይ ደግሞ ሌላ ሰበብ እንደምታገኝ ራሷን ታውቀዋለች። ዩኑስ መሰላል ላይ ቆሞ የጫማ ካርቶን እየደረደረ ነበር። "እትዬ! ምን እግር ጣለሽ?" ብሎ እየሳቀ ወረደ። መጀመሪያ ላይ የምታወራው ቀልድ መስሎት ሳቁን አላቋረጠም። "የቅርጫ ሥጋ" ስትል ግን አቆመ።

"ሁለት ጊዜ ነው ያስጨመርኩት" አለ።

"አውቃለሁ። የጨመርኩልህ እኔ ነኝ።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ እትዬ።" የያዘውን ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፤ አነሣው፤ እንደገና አስቀመጠው። "ልጆቼን'ኮ ዓርብ ዓርብ አንቺ ጋ ነው የማበላቸው። እናታቸው 'እርግጠኛ ነህ?' ስትለኝ 'እህተማርያም ቤት ነው'ኮ' ነው የምላት። ሌላ ነገር ጨምሬላት አላውቅም።"

"እዚህ ቤት አንድም ቀን፣ ዩኑስ፣ ከዚያች ሰኞ በቀር…"

"አሁን ይኼን በምን ልወቅ?"

ሃያ ሁለት ዓመት መልስ ሆኖላት የኖረው ስሟ ነበር።

"አፉ በለኝ" አለችው።

ዩኑስ ሊል ፈልጎ እንደነበር ያስታውቃል፤ ክፉ ሰው አይደለም። "አልልሽም" አለ ግን። "ዛሬ አልልም። ነገም እንጃ።"

አንዲት ሴት የልጅ ጫማ ይዛ ገብታ ቁጥር ሠላሳ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ዩኑስ ወደ እሷ ዞረ። እህተማርያም በሩ ላይ ቆማ ቀረች። "ጋሽ አብዱልሃሚድ እንኳ አፉ ብለውኛል" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ብትለው ዩኑስ ከሽማግሌው በልጦ እምቢ ማለት እንደማይችል ታውቃለች።

ዋጠችው። "እሺ" ብላ ወጣች።